የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስቴንት ከገባ በኋላ የተከፈለበትን የመርከብ ጉዞ ምን እናድርገው?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የአራት ኪሎ ነዋሪዎች ነን። ፍራንክፈርት የምትኖረው ልጃችን የተጋባንበትን 40ኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ፣ በዚያው በጀርመን የጉዞ ወኪል በኩል ለሁለታችን የሰባት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ገዛችልን። መርከቡ ከግሪኩ ፒሬየስ ወደብ ተነሥቶ፣ ሳንቶሪኒንና የቱርኳን ኩሻዳሲን አዳርሶ ይመለሳል። ክፍያው ተጠናቋል፤ ለመነሣት 70 ቀን ቀርቶናል። ባለፈው ወር ግን ባለቤቴ ደረታቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገቡና ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የወንፊት ቱቦ) ተደረገላቸው፤ አሁን ደም እንዳይረጋ የሚረዱትን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ይወስዳሉ። ልጃችን ጉዞው ሳይሰረዝ ቀኑ እንዲዛወር ትፈልጋለች። ወንድሜ ደግሞ «ምንም ሳትናገሩ ሂዱ፣ ማን ያውቅባችኋል?» ይለናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እንኳን አምላክ ባለቤትዎን አተረፈልዎ። ከሁሉ አስቀድመው የወንድምዎን ምክር ይተዉት። የመዝናኛ መርከብ ሐኪምና ነርሶች ያሉበት ክሊኒክ አለው፤ የልብ ሕመም የተነሣበትን ሰው ለጊዜው ማረጋጋት ይችላል፤ ስቴንት የሚገባበት ክፍል ግን የለውም። ስለዚህ ሕመምተኛው በቀጣዩ ወደብ ወይም ሲብስ በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ወጪው የሚጠየቀውም ተጓዡ ወይም መድኑ ነው። መድን ሰጪው ደግሞ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሕክምና ታሪክ ይጠይቃል፤ ስቴንቱ ተደብቆ ከተገኘ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። እኛ ዘንድ ሕመምን መሸሸግ እንደ ጨዋነት ሲታይ ኖሯል፤ የመድን ውል ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ቀጥሎ የልብ ሐኪማቸውን «መሄድ ይችላሉ?» ብለው በደፈናው አይጠይቁ። የጉዞውን መርሐ ግብር አሳይተው፣ የአውሮፕላን በረራውን፣ የእግር ጉዞውንና መድኃኒቱን ለየብቻ ያንሡ። በረራው ብዙዎች እንደሚፈሩት ላይሆን ይችላል፤ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመጣጠን ሲሆን፣ ባለቤትዎ በየቀኑ አራት ኪሎ ላይ ከሚተነፍሱት አየር እምብዛም አይለይም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳንቶሪኒ ነው። ትልቁ መርከብ ከባሕሩ ላይ ይቆምና ተጓዡ በትንንሽ ጀልባ ወደ ባሕሩ ዳር ይወሰዳል፤ ከዚያ ወደ ከተማው ለመውጣት ወደ 600 የሚጠጉ ደረጃዎች አሉ። በገመድ የሚሳብ መጓጓዣ አለ፤ ነገር ግን ወረፋው በፀሐይ ሊያቆም ይችላል። መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ሁለቱን ክኒኖች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ስቴንቱ ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከሙሉው ጉዞ የሚተርፍ መጠን በእጅ ሻንጣ ይያዝ እንጂ ለአውሮፕላኑ ጭነት አይሰጥ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቀብድ ብቻ በተከፈለበት ወቅት ቀን መለወጥ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ሙሉ ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ግን «ማዛወር» የሚባለው በአብዛኛው ሰርዞ እንደ አዲስ መግዛት ማለት ነው። መቀጫውም መነሻው በቀረበ ቁጥር እየጨመረ ሄዶ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ዋጋውን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ ልጅዎን መጠየቅ ያለብዎት «ማዛወር ይቻላል?» ብለው ሳይሆን «ጉዞውን ስትገዢ የመሰረዣ መድን ገብተሽ ነበር?» ብለው ነው። ገብታ ከነበረ፣ ከውሉ በኋላ ድንገት የመጣ ከባድ ሕመም በአብዛኛው ይሸፈናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ በጀርመን ውሎች ተጓዡ መሄድ እንደማይችል ሲያውቅ ሳይዘገይ የመሰረዝ ግዴታ አለበት። «ምናልባት ይሻላቸው ይሆናል» ተብሎ ሲጠበቅ የተጨመረውን መቀጫ መድን ሰጪው አልከፍልም ሊል ይችላል። የሐኪሙ ማስረጃም ከስረዛው በፊት የተጻፈ መሆን አለበት። መድን ካልተገባ፣ ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ዛሬ የሚገዛ ውል ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ መድንም ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን እንጂ የተሰረዘን ጉዞ አይሸፍንም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ አንባቢዎች ብዙ ናቸው።

ልጅዎ ሳታስበው የቀረች የሚመስለኝ ሌላ መንገድ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የጥቅል ጉዞ መመሪያ የመርከብ ጉዞንም የሚመለከት ሲሆን፣ ተጓዡ ከመነሻው ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ አሳውቆ ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። ኩባንያው ሊጠይቅ የሚችለው በትክክል ያወጣውን ወጪ ነው። ባለቤትዎ ብቻ ቀርተው እርስዎ ለብቻዎ ቢሄዱ የሁለት ሰው ክፍል ዋጋ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ልጅዎ በአባቷ ስም ምትክ ብትገባ ግን ክፍሉ ባዶ አይሆንም። የጋብቻ በዓልነቱ ይቀራል እንጂ ገንዘቡ አይጠፋም።

ቀን ለማዛወር ከወሰናችሁ ቪዛውን አትርሱ። በቪዛው ላይ የተጻፈው ጊዜ አዲሱን ጉዞ ላያካትት ይችላል። በተጨማሪም መርከቡ ኩሻዳሲ ሲደርስ ከሸንገን ክልል ወጥቶ ተመልሶ ስለሚገባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃም። ቱርክ የምትጠይቀውን ደግሞ ወኪሉ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪሙ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ካመነታ ልጅዎ በዚያው ቀን ወደ መድን ሰጪውና ወደ ወኪሉ ትደውል፤ ከፈቀደ ደግሞ የመጨረሻውን የልብ ምርመራ ውጤትና ስለ ስቴንቱ የተሰጣችሁን ካርድ ቅጂ ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጡ፣ ለመርከቡ የሕክምና ክፍልም ከመነሣታችሁ በፊት ያሳውቁ።