እናትሽን ይዘሽ ወደ ፋይፍ ባሕር ዳር ከሄድሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናትሽ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉሽ። ከሊድስ በመኪና ተነስታችሁ በስኮትላንድ የፋይፍ ባሕር ዳር ሦስት ቀን ልታሳልፉ አስባችኋል። ጁላይ ይሻላል ወይስ ኦገስት፣ የቱን እንይ፣ የቱን እንተው ነው ያልሽው። እኔ ኤድንብራ 11 ዓመት ኖሬያለሁ። እናቴን ይዤ ይህንኑ መንገድ ሄጄዋለሁ። ከልጆቼ ጋርማ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩትም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። የታሪክ ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው። ከጁላይ 12 በኋላ፣ ኦገስት ሳይገባ ሂዱ። ልጆችሽ ማየት የሚፈልጉት ፓፊን፣ ያ አፉ ደማቅ ቀለም ያለው ወፍ፣ ኦገስት ሲገባ ጎጆውን ትቶ ወደ ባሕር ይሄዳል። በኦገስት አጋማሽ ብትደርሱ አንድም ላታዩ ትችላላችሁ። ሌላው ጾም ነው። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ያ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። በመሃል ያለው ከረቡዕና ዓርብ በቀር የፍስክ ነው። እኔ እናቴን የወሰድኳት በፍልሰታ ነበር። በየወደቡ የዓሣ ጥብስ እየሸተተን እሷ ለብቻዋ ከቤት የያዝነውን ሽሮ በዳቦ በላች። እሷ ምንም አልመሰላትም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ሙሉ ለሴንት አንድሪውስ ስጡ። ለእናትሽ ከከተማው ስም ጀምሪላቸው። ቅዱስ እንድርያስ ማለት ነው። እኛ ታኅሣሥ 4 የምናስበው ሐዋርያ፣ የጴጥሮስ ወንድም፣ ዓሣ አጥማጁ። የስኮትላንድ ባንዲራ ላይ ያለው ያጋደለ ነጭ መስቀልም የእሱ ነው። በጥንቱ ትውፊት ሩል የሚባል መነኩሴ የሐዋርያውን ዐፅም በመርከብ ይዞ እዚህ ባሕር ዳር ደረሰ። በዚያ ምክንያት ከሩቅ አገር ሳይቀር ተሳላሚ ይጎርፍ ነበር።

ካቴድራሉ የተጀመረው በ1160 ገደማ ነው። የተቀደሰው ግን በ1318፣ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በተገኘበት። ርዝመቱ ወደ 119 ሜትር ነበር። በመካከለኛው ዘመን ስኮትላንድ ከዚያ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን አልሠራችም። ዛሬ የቀረው የምሥራቁና የምዕራቡ ጫፍ እና አንድ ረጅም ግድግዳ ነው። በ1559 የፕሮቴስታንቱ ሰባኪ ጆን ኖክስ በከተማው ከሰበከ በኋላ ሕዝቡ ገብቶ ሥዕሉንም ጌጡንም አወደመው። ከዚያም የከተማው ሰው ድንጋዩን እየወሰደ ቤት ሠራበት።

እናቴ ሣሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። «ልጄ፣ መቅደሱ የት ጋ ነበር?» አለችኝ። ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ወሰድኳት። እዚያ ቆማ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ከላይዋ ጣሪያ የለም። ሰማይና የባሕር ወፍ ብቻ ነው። ስትጨርስ «ዐፅሙስ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በዚያ ሁከት ጠፋ» አልኳት። ያን ጊዜ የማውቀው ይህንኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራችም።

እዚያው ግቢ ውስጥ የቅዱስ ሩል ግንብ አለ። ከካቴድራሉ ይቀድማል፤ 33 ሜትር ቁመት አለው። ልጆቹ ይውጡበት። እናትሽ ግን ታች አግዳሚ ወንበር ላይ ቢቀመጡ ይሻላል፤ ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ አስቀድመሽ ድረ ገጹን እዪ።

ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ ቤተ መንግሥቱ ጋ ትደርሳላችሁ። ይህ የልጆች ቦታ ነው። በማርች 1546 ጆርጅ ዊሻርት የሚባል የፕሮቴስታንት ሰባኪ እዚህ ፊት ለፊት በእሳት ተቃጠለ። ሦስት ወር ሳይሞላ ወዳጆቹ ተደብቀው ገቡና ያስቃጠለውን ካርዲናል ዴቪድ ቢተንን ገደሉት። ሬሳውንም ከግድግዳው ላይ አንጠለጠሉት። ገዳዮቹ ግንቡን ይዘው ሲቀመጡ የመንግሥት ጦር ከበባቸው። ከውጭ ያሉት ግንቡን ከሥር ለመናድ አለቱን እየፈለፈሉ ገቡ። ከውስጥ ያሉት ደግሞ የዶማውን ድምፅ እያዳመጡ ቆፈሩ። አንዴ ሳቱ። እንደገና ሳቱ። በመጨረሻ ዋሻው ከዋሻው ገጠመ። ያ ዋሻ ዛሬም አለ፤ ጎንበስ ብሎ ይገባል። የእኔ ትልቁ ልጅ አራት ጊዜ ተመላለሰበት። ሌላው እንደ ጠርሙስ አንገቱ ጠቦ ሆዱ የሰፋ፣ በአለት ውስጥ የተፈለፈለ ወህኒ ነው። ከላይ ሆነሽ ወደ ታች ስታዪ ሰው እዚያ ውስጥ መኖሩን ማሰብ ይከብዳል።

ወደ ከተማው ስትመለሱ የዩኒቨርሲቲው ጸሎት ቤት በር ላይ መሬቱን እዩ። ሁለት ፊደላት ድንጋዩ ላይ አሉ። ፓትሪክ ሃሚልተን የሚባል የ24 ዓመት ወጣት በፕሮቴስታንት ትምህርቱ ምክንያት በ1528 የተቃጠለበት ቦታ ነው። ተማሪዎቹ ፊደሎቹን አይረግጡም፤ የረገጠ ፈተና ይወድቃል ይላሉ። ልጆቹን ቀድመሽ አትንገሪያቸው፤ ተማሪዎቹ ሲዘሉት ራሳቸው አይተው ይጠይቁሽ።

እሑድ ከዋላችሁ ደግሞ ያ ታዋቂው የጎልፍ ሜዳ፣ ኦልድ ኮርስ፣ በአብዛኛው እሑድ ጨዋታ የለበትም። ማንም ሰው በነፃ ይንሸራሸርበታል። ትንሿ የድንጋይ ድልድይ ላይ ፎቶ ተነሱ።

ሁለተኛው ቀን የዓሣ አጥማጆቹ መንደሮች ናቸው። አካባቢው ኢስት ኒውክ ይባላል፤ ኒውክ በእነሱ አነጋገር ጥግ ማለት ነው። ብዙ ሰው ክሬይልን፣ አንስትረዘርን፣ ፒተንዊምን፣ ሴንት ሞናንስን፣ ኢሊን በአንድ ቀን ጠራርጎ ያያል። እባክሽ እንደዚያ አታድርጊ። ሽማግሌ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ከመኪና እየወረደ ቁልቁለት መሄድ ይደክመዋል። እኔ አድርጌው እናቴ ሦስተኛው መንደር ላይ ከመኪና አልወርድም አለችኝ። ልክ ነበረች።

አንስትረዘር ላይ ተቀመጡ። የስኮትላንድ የዓሣ ማጥመድ ሙዚየም እዚያ ወደቡ ላይ ነው። ደርሳችሁ ቶሎ አትውጡ። በ1902 የተሠራችው ሪፐር የምትባል የሸራ ጀልባ የዚህ ሙዚየም ናት። እኔን ግን የያዘኝ የሴቶቹ ታሪክ ነው። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ የሚያጸዱና በጨው የሚያሽጉ ሴቶች ነበሩ። ቢላዋውና ጨው እንዳይበላቸው ጣታቸውን በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር። የዓሣውን ወቅት ተከትለው እስከ እንግሊዝ ያርማውዝ ድረስ ይወርዳሉ። ሥራ ሲፈቱም እጃቸው አይፈታም፤ እየሄዱ፣ እያወሩ ሹራብ ይሠራሉ። ይህን ስተረጉምላት እናቴ ፊቷ በራ። «እንደ እኛ እንዝርት!» አለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፎቶ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

ከዚያው ወደብ ነው ወደ ሜይ ደሴት የሚኬደው። ጀልባው ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ይሠራል። ጉዞው አንድ ሰዓት አይሞላም። አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ። የመነሻው ሰዓት ከባሕሩ ሙላት ጋር ስለሚለዋወጥ ሌላውን ፕሮግራም በእሱ ዙሪያ አውጪ። ነፋስ ከበረታ ይሰረዛል፤ እኛን ሁለቴ ደርሶብናል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ላይ አታድርጊው። ደሴቲቱ ርዝመቷ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፓፊኖቹ ግን በአስር ሺዎች ናቸው፤ መንገዱ ዳር ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቆመው ያዩሻል። ተርን የሚባሉት ወፎች ጫጩት ሲኖራቸው የሰው አናት ይጠቀጥቃሉ፤ ለልጆቹ ኮፍያ ያዢ።

እዚያ ላይ በ1636 የተሠራ የድንጋይ ማማ ቁራጭ አለ። በስኮትላንድ የመጀመሪያው የመርከበኞች መብራት ነው። ማማው አናት ላይ በየሌሊቱ ከሰል ይነድ ነበር። በ1791 ጠባቂው፣ ሚስቱና አምስት ልጆቻቸው በጭስ ታፍነው ሞቱ። የተረፈችው ሕፃኗ ብቻ ናት። እኔ እዚያ ስቆም ስለ ባሕሩ ውበት ማውራት አልችልም። እናትሽ ጀልባ የሚፈሩ ከሆነ ግን አታስገድጃቸው፤ አንድ ሰው አብሯቸው ሙዚየሙ ውስጥ ይቆይ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ሴንት ሞናንስን ጨምሩ፣ አንድ ብቻ። ቤተ ክርስቲያኗ በ1360ዎቹ በንጉሥ ዳዊት ሁለተኛ ተሠርታ ባሕሩ ግድግዳ ሥር ድረስ ይመጣል። ውስጧ የመርከብ ምስል ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። ከመንደሩ ወጣ ብሎ አንድ የነፋስ ወፍጮ አለ። እህል አይፈጭም ነበር። የባሕር ውኃ እየሳበ ያመጣል፤ ውኃው በከሰል ተፈልቶ ጨው ይሆናል። የአፋርን ጨው ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚል ወሬ ነው፤ እዚያ ፀሐይ የሚሠራውን እዚህ በእሳት ነው የሚሠሩት። ክሬይል እጅግ ታምራለች፤ ግን ወደ ወደቧ የሚወስደው ድንጋይ ንጣፍ ለጉልበት ክፉ ነው። ኢሊ ላይ በሰንሰለት ተይዞ ገደል ሥር የሚኬድበት መንገድ አለ፤ የባሕሩን ሙላት የማያውቅ ሰው ልጅ ይዞ አይግባበት።

መኪናሽን ወደቦቹ ድረስ ይዘሽ አትውረጂ። ከላይ አቁሚና በእግር ውረዱ። ጃኬትም አትርሱ፤ ጁላይ ቢሆንም ነፋሱ ያንዘፈዝፋል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ ሊድስ ከመመለሳችሁ በፊት ኤድንብራ ግቡ። ይህን እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። የሐዋርያው ዐፅም ከሴንት አንድሪውስ ከጠፋ በኋላ በ1879 ከጣሊያን ከአማልፊ ክፋይ ተላከ። በ1969 ደግሞ ፓፓ ጳውሎስ ስድስተኛ ሌላ ሰጡ። ሁለቱም ኤድንብራ መሃል፣ በቅድስት ማርያም ካቶሊክ ካቴድራል ውስጥ ናቸው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ እናቴ አገሯ ተመልሳ ነበር። ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ ሄደህ ተሳለምልኝ» አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ። አንቺ ግን እናትሽን ራሳቸውን ውሰጃቸው።