ዳገት ላይ የሚጠፋ ሞተር፣ ሐይቅ ዳር የማይሰማ ሳይክል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ከድሮም የሳይክል ከተማ ናት። አሁን ግን ሞተር የተገጠመላቸው ሳይክሎች ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ታቦር አቀበት፣ ወደ ሐይቁ ዳር መንገድና ወደ ገጠሩ የአፈር መንገድ እየገቡ ነው። በዚህ እትም ስለ እነሱ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል።

*«48 ቮልት፣ 500 ዋት የሚል፣ ሞተሩ ኋላ ጎማ ላይ ያለ ሳይክል ገዛሁ። ሜዳ ላይ እንደ ልብ ይሄዳል። ታቦርን ስወጣ ግን ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጉልበቱ ይቀንስና ጭራሽ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ሲያርፍ ይነሳል። የሸጠልኝ ሰው ባትሪው ደክሟል፣ ቀይረው ይለኛል። ልቀይረው?»*
— ከታቦር ክፍለ ከተማ

ገና አይቀይሩ። ባትሪ ከሳይክሉ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነውና ልኬት ይቅደም። «ሲያርፍ ይነሳል» ያሉት ነገር ከባትሪ ድካም ይልቅ የሙቀት ምልክት ይመስላል።

ጎማ መሃል የተቀመጠ ሞተር የሚቀያየር ማርሽ የለውም። እርስዎ ማርሽ ሲቀንሱ የሚቀልለው እግርዎ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ጎማው ሲዘገይ ሞተሩም አብሮ ይዘገያል፤ በዘገየና በተጫነ ቁጥር በሽቦዎቹ የሚያልፈው ከረንት ይጨምራል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በቁጥር እንየው። እርስዎና ሳይክሉ አንድ ላይ 105 ኪሎ ብትመዝኑ፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል የአፈር ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ጎማው ላይ ወደ 340 ዋት ያስፈልጋል። እግርዎ 100 ዋት ቢያግዝ ቀሪው 240 የሞተሩ ዕዳ ነው። በእንዲህ ያለ ዝግታ ብዙዎቹ የጎማ ሞተሮች ከሚወስዱት ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ስለዚህ በዚያ ዝግ ቆርቆሮ ውስጥ ከ200 ዋት በላይ የሆነ ምድጃ እየነደደ ነው። በዚያ ፍጥነት የሚያቀዘቅዘው ነፋስም የለም። ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ወይም ሞተሩ ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ ኃይሉን የሚዘጋው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ መዝጋቱ ጉዳት ሳይሆን ጥበቃ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ባትሪውን እስኪሞላ ቻርጅ ያድርጉ፤ 48 ቮልት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ በተርታ የተያያዙ 13 የሴል መደዳዎች ስላሉት ሲሞላ 54.6 ቮልት ያሳያል። ዳገቱን ይጀምሩና ሞተሩ እየደከመ ሲመጣ፣ ሳይጠፋ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቮልት ይመልከቱ። የእርስዎ ስክሪን በቁጥር ሳይሆን በመስመር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ አንድ ኤሌክትሪሺያን ትንሽ ቮልት መለኪያ ሊያስርልዎት ይችላል። ቮልቱ ከ48 በላይ እያለ ሞተሩ ከጠፋ ባትሪው ደህና ነው፣ ጥፋቱ የሙቀት ነው። ወደ 42 እና ከዚያ በታች ወርዶ ከጠፋና ጭነቱ ሲነሳ ቶሎ ወደ 50 ከተመለሰ ግን ሻጩ ልክ ናቸው፤ ከ13ቱ መደዳዎች አንዱ ደክሟል። ይህን ከመደምደምዎ በፊት ግን የባትሪውን መሰኪያ በእጅዎ ይንኩት። መሰኪያው የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ቡናማ ከሆነ፣ ቮልቱን የሚበላው ባትሪው ሳይሆን የላላው መሰኪያ ነው፤ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።

ሙቀት ከሆነ መፍትሔው አነዳድ ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ቀንሰው ፔዳሉን በደቂቃ ከ60 ዙር በላይ ያሽከርክሩ፤ በእጅ የሚሰጠውን ጋዝ ይልቀቁት። ፍጥነቱ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ካልያዘልዎት ወርደው ይግፉት። ብዙ ሰው መውረድን እንደ ሽንፈት ያየዋል፣ ነገር ግን ያቺ የ50 ሜትር ግፊያ ሞተሩን ታድናለች። የቫርኒሽ ሽታ ከሸተተዎት ወዲያው ያጥፉ፤ ቆመው ሳይሆን ሜዳ ላይ በፔዳል ብቻ ቀስ ብለው እየሄዱ ያብርዱት። ውስጡ ትንንሽ የናይሎን ጥርስ ያለው ዓይነት ከሆነ ሙቀቱ ጥርሱን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ጥርሱ ይላጫል፤ መንጫጫት የጀመረ ሞተር ዳገት ላይ አይሞከርም።

ሁልጊዜ ዳገት የሚወጡ ከሆነ በሚቀጥለው ግዢ ሞተሩ ፔዳሉ መሃል የሆነውን ይምረጡ። እሱ ጉልበቱን በካቴናው በኩል ስለሚያሳልፍ በማርሹ ይጠቀማል፣ 250 ዋቱ እንኳ ዳገት ላይ ከ500 ዋት የጎማ ሞተር ሊበልጥ ይችላል። ዋጋውን የሚከፍለው ካቴናው ነው። ካቴናውን ወጥረው 24 ቋጠሮ ከፒን እስከ ፒን ይለኩ፤ አዲሱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ሲደርስ ይቀይሩት፣ አለዚያ ጥርሶቹንም ይዞ ይሄዳል።

*«በ36 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ወንዶ ገነት ደርሼ ፍል ውሃ ገብቼ በዚያው ቀን መመለስ እችላለሁ? ማስታወቂያው 60 ኪሎ ሜትር ይላል።»*
— ከመናኸሪያ ሰፈር

በአንድ ቻርጅ አይችሉም። 36ን በ10 ያባዙ፤ 360 ዋት-ሰዓት አለዎት። እስከ መጨረሻው ጠብታ ስለማይወሰድ 310 ያህሉን ይቁጠሩ። ፔዳል እየመቱ በመጠነኛ የሞተር እገዛ ከሄዱ በኪሎ ሜትር ወደ 10 ዋት-ሰዓት፣ በጋዝ ብቻ ከሄዱ 15 እና ከዚያ በላይ ይበላል። ስለዚህ የእርስዎ እውነተኛ ርቀት ከ20 እስከ 31 ኪሎ ሜትር ነው። በሻሸመኔ በኩል ወንዶ ገነት ለመሄጃ ብቻ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሻሸመኔ ደግሞ ከሐዋሳ ወደ 200 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ያን ከፍታ መውጣት ብቻውን ከ70 እስከ 80 ዋት-ሰዓት ይወስዳል። ማስታወቂያው ላይ ያለው 60 በቀላል ሰው፣ በሜዳ፣ በዝቅተኛው እገዛ የተለካ ነው።

መሄዱ ካልቀረ ቻርጀሩን ይያዙ፤ 2 አምፔር ቻርጀር ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 5 ሰዓት ይፈልጋል፣ ስለዚህ አዳር ይሻላል። በሻሸመኔው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ብዙ መሆኑንም አይርሱ።

*«እናቴን ይዤ ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግር እንሄዳለን። እነዚህ ሳይክሎች ድምፅ ስለሌላቸው አጠገባችን ሲደርሱ ነው የምናውቀው። እናቴ ባለፈው ደንግጣ ልትወድቅ ነበር። ነጂዎቹ ምን ማድረግ አለባቸው?»*
— ከሐይቅ ዳር

እህታችን፣ ይህን ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ መልሱን የምንጽፈው ለነጂዎቹ ነው።

በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 7 ሜትር ነው። ሰው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ያህል ያልፋል፣ 7 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በደረቅ መሬት ለመቆም ሌላ 6 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 13 ሜትር ነው። በ12 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ሁሉም ነገር 5 ሜትር ውስጥ ያልቃል። አንዲት እናት ወይም ኳስ የሚከተል ሕፃን መንገድ ለመቀየር 13 ሜትር አይሰጡም። ስለዚህ እግረኛ ባለበት መንገድ ላይ ከ12 አይበልጥ፤ ሰው ሲበዛ ከእግረኛው እርምጃ ጋር እኩል፣ ማለትም 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ይሁን። አውሮፓ ውስጥ እገዛው 25 ላይ እንዲቋረጥ የተደነገገው ለመንገድ እንጂ ለእግረኛ መሄጃ አይደለም።

ደወል ይግጠሙ፤ ጆሮ ላይ ከሚጮኸው የኤሌክትሪክ ጥሩምባ ተራው የብረት ደወል ይሻላል። ከ15 ሜትር ላይ አንዴ ይደውሉ፣ ሰውየው እንደሰማ እስኪያዩ ይዘግዩ፣ ከዚያ በግራ በኩል «ይቅርታ፣ በግራ ነኝ» ብለው ይለፉ። ልጅ የያዘ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ወርዶ መግፋት ነው። የሞተሩን እገዛ ቁጥር 1 ወይም 0 ላይ ያድርጉት፤ ብዙ ርካሽ ሳይክሎች ፔዳሉ ገና ሩብ ዙር ሲዞር ድንገት ይወረወራሉ፣ በሰው መሃል አደጋ የሚያመጣው ይሄ ነው። የፍሬኑ እጀታ ሲነካ ሞተሩ መጥፋቱንም በየሳምንቱ ይፈትሹ። ኋላ ጎማውን አንስተው ሞተሩን ያስነሱ፣ እጀታውን በትንሹ ይሳቡ፤ ወዲያው ካልጠፋ የእጀታው ስዊች ወይም ገመዱ ተበላሽቷል።

የዓሣ ገበያው ባለበት አሞራ ገደል አካባቢ ሌላ ጉዳይ አለ። የዓሣ ሆድ ዕቃና ዘይት መሬት ላይ ይፈሳል። ጎማ ያንሸራትታል፣ የዲስክ ፍሬን ላይ ከተረጨ ደግሞ ሸራውን ያበላሸዋል፤ ፍሬኑ ይጮኻል እንጂ አይይዝም። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉ። ዘይት የጠጣ ሸራ ግን በመጥረግ አይድንም፣ ይቀየራል። ያ ሰፈር ለአባ ኮዳዎቹና ለዓሣ ሻጮቹ ስለሆነ ሳይክሉን ውጭ አስሮ በእግር መግባት ይመረጣል። ከመሸ በኋላ ደግሞ ሣሩ ወዳለበት ዳርቻ አይውረዱ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው፣ ድምፅ የሌለው ሳይክል እሱንም ያስደነግጣል።

*«የምኖረው አንድ ክፍል ቤት ነው። ማታ ሰክቼው እተኛለሁ። መብራት እየሄደ ይመጣል። ቻርጀሩ ጠፍቶብኝ የጓደኛዬን እየተጠቀምኩ ነው። ችግር አለው?»*
— የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

አለው፣ ሦስት ቦታ ላይ። ከሁሉ በፊት የጓደኛህን ቻርጀር ጀርባ አንብብ። የ36 ቮልት ባትሪ ቻርጀር 42 ቮልት፣ የ48ቱ 54.6 ቮልት ይላል። የ48ቱን 36ቱ ላይ መሰካት እሳት መጋበዝ ነው። መሰኪያው መግጠሙ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። የውሃ ባትሪ ቻርጀርም ለሊቲየም አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ተኝተህ ቻርጅ አታድርግ፤ በተለይ አልጋህና በሩ መሃል ላይ አታስቀምጠው። ሊቲየም ሲቀጣጠል መውጫህን ይዘጋል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ነቅተህ ባለህበት ሰዓት፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከፍራሽና ከመጋረጃ አርቀህ ሰካው። ከፀሐይ ወይም ከዳገት ከተመለስክ ግማሽ ሰዓት አብርደው። ያበጠ፣ የወደቀ ወይም የሚጣፍጥ የቀለም ዓይነት ሽታ ያለው ባትሪ ከቤት ይውጣ። ሦስተኛ፣ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀለው፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልት መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው። ከተመለሰ 5 ደቂቃ በኋላ ሰካ።

ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት ስትሄድ ሞልተህም ባዶ አድርገህም አትተወው። 48 ቮልቱ ከ47 እስከ 49 ባለው ላይ ቢቀመጥ ይበጃል።

*«በአፈር መንገድ ላይ እሾህ በሳምንት ሁለቴ ይወጋኛል። ጎሚስታው የሞተሩን ጎማ መፍታት አልፈልግም ይላል።»*
— ከቱላ

መፍታትም አያስፈልግም። ሳይክሉን ገልብጠው እሾሁን ካገኙበት ቦታ በስተቀኝና በስተግራ አንድ አንድ ስንዝር ያህል ጎማውን በአንድ በኩል ብቻ ከቸርኬው ያላቅቁ፣ ከመነዳሪውን በዚያ ይሳቡ፣ እዚያው ይለጥፉ። ከመመለስዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ይዳብሱ፤ ተሰብሮ የቀረ የግራር እሾህ ሁለተኛውንም ይወጋል። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ ከመነዳሪው ውስጥ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨምሩ። ንፋሱ ለ2.1 ኢንች ጎማ አስፋልት ላይ 40 ፒ-ኤስ-አይ፣ የአካባቢያችን ልል ድንጋያማ አሸዋ ላይ ከ28 እስከ 32 ይሁን።

መፍታት ግድ ከሆነ የሞተሩን ገመድ መሰኪያ ይንቀሉ፣ ዳዶዎቹ ስር ያሉትን ሮንዴላዎች ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሲመልሱ ዳዶዎቹን ወደ 40 ኒውተን-ሜትር ያጥብቁ፤ ከላሉ ዘንጉ ይዞርና ገመዱን ይበጥሰዋል። ገመዱ ከዘንጉ ሲወጣ ወደ ታች ዞሮ ይንጠልጠል፤ ወደ ላይ ከዞረ የክረምቱ ዝናብ በእሱ ላይ ተንሸራቶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።