በቴምብሩ ላይ ያለው የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1855 በወጣው የኒውዚላንድ ቴምብር ላይ ያለው የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ለቴምብሩ ተብሎ የተሠራ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ አይደለም። መነሻው ንግሥቲቱ በ1837 በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በተገኙበት የክብር ልብሳቸው አልፍሬድ ኤድዋርድ ቻሎን የሣላቸው ሥዕል ሲሆን፣ ሳሙኤል ከዚንስ ቀርጾት በ1838 ዘውድ ሲጭኑ በኅትመት ተሰራጭቷል። ለቴምብሩ ዊልያም ሃምፍሪስ ራሳቸውንና ትከሻቸውን ብቻ ወስዶ በብረት ላይ ቀረጸ። ቀራጭ የጉንጭን ልስላሴና የጥላን ጥልቀት ያለ ቀለም፣ በመስመሮች ውፍረትና መቀራረብ ብቻ መግለጽ ስላለበት፣ ኅትመቱም ቀና ሆኖ እንዲወጣ ሁሉንም እንደ መስታወት ምስል ግራና ቀኙን አዙሮ መቅረጽ ስለሚገባው፣ ሥራውን ተራ ግልባጭ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። የያዙትን ቴምብር በማጉያ መነጽር ሲመለከቱ ከአንገታቸው ሥር ያሉትን ጥላ ሰጪ መስመሮች ያስተውሉ፤ የቀራጩ ችሎታ ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚያ ነው።