የዛገ ቢላ ይድናል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ፋሲካ ሊደርስ ነው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ያልነካ ቢላ ከየመሳቢያው እየወጣ ነው። ፒያሳ ባለችው ትንሽ ሱቄ ቢላ ስስልና ሳድስ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን «ይሄ ይድናል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ አልኩ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ቤት ስንቀይር ከሳጥን ሥር የአያቴ ቢላ ተገኘ። ስለቱ በሙሉ ቀይ ዝገት ነው። ልጣለው?

እንዳትጥዪው! እንዲህ ያለ የድሮ ቢላ ብዙ ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። ባሌስትራ ስለት ይይዛል፤ ችግሩ እርጥበት አይወድም።

ጨርቅ አቼቶ ውስጥ ንከሪና ስለቱን ብቻ ጠቅልይው። እንጨት እጀታውን አታስነኪው፣ ይሰነጠቃል። በየሰዓቱ እየገለጥሽ እይው። ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ ዝገቱ ይላላል። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትጊው፤ ያልለቀቀ ካለ ድገሚው። አሲዱ ዝገቱን ሲጨርስ ጤነኛውን ብረት መብላት ስለሚጀምር ረስተሽው እንዳታድሪ።

ከዚያ በሳሙና እጠቢው፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃም አለቅልቂው። የቀረውን አሲድ ያጠፋዋል። ወዲያው አድርቂው። ገና የተፈተገ ብረት እርጥብ ከተተወ በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ቀይ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ ቀን ለፍቶ ቢላውን ሳህን ማድረቂያው ላይ ጥሎት ይሄዳል።

አቼቶ የለኝም። ሎሚ ይሆናል?

ይሆናል። ጨው ነስንስበትና በግማሽ ሎሚ ፈትገው። ጨው ራሱ ዝገት ስለሚጠራ ግን በደንብ አለቅልቀው።

እናቴ በአመድ ነበር የምትፈትገው። ዛሬም ይሠራል ልጄ?

ይሠራል እማማ። እናትዎ ያውቁበት ነበር። አመድ ስብ ያስለቅቃል፣ ድቃቁ ደግሞ የላይ የላዩን ዝገት ያነሳል። በወንፊት ይንፉት፤ ጠጠር ካለበት ብረቱን ይቧጭረዋል። ጠልቆ ለገባ ዝገት ግን ብቻውን አይበቃም።

«የማይዝግ» ተብሎ የተሸጠልኝ ቢላ ነጠብጣብ አወጣ። በረኪና ልጠቀም?

በፍጹም! የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። በረኪናና ጨው ግን ያንን መከላከያ ይሰብራሉ። ምናልባትም ነጠብጣቡን ያመጣው በረኪና ይሆናል። ደግሞ እባካችሁ፣ በረኪና ከአቼቶ ጋር አይቀላቀል። ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ በጠባብ ኩሽና ውስጥ ሰው ይጎዳል።

ዝገቱ ለቀቀ፣ ግን ጉድጓድ ጉድጓድ ሠርቷል።

የብርጭቆ ወረቀት ግዛ፤ ቁጥር 220፣ 400 እና 800። ከሻካራው ጀምረህ ወደ ለስላሳው ሂድ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳበው። ጉድጓዱን ሁሉ ላጥፋ ካልክ ቢላው ሳስቶ ያልቃል። ጥቁር ሆኖ የቀረው፣ በጥፍር ሲነካ የማይፈረፈረው፣ ይቆይ። እኔ እንዲያውም ዕድሜው ሲታይበት ደስ ይለኛል። ስለቱ ጠርዝ ላይ ያለው ጉድጓድ ግን ተስሎ መውጣት አለበት።

ብየዳ ቤት በግራይንደር በ5 ደቂቃ እንጨርስልህ አሉኝ።

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ግራይንደር ብረቱን ያግለዋል። ስለቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ከሆነ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብትስለው ብትስለው ቶሎ ይደንዛል። ስንቱ ጥሩ ቢላ እንዲህ ተበላሽቶ እጄ ገብቷል።

በመሳያ ድንጋይ፣ በውኃ፣ በትዕግሥት ሳለው። ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ 90 ዲግሪ ነው። ግማሹን አጋድመው፣ 45። አሁንም ግማሹን፣ 22 ገደማ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ካደረግከው ደርሰሃል። ሁለቱንም ጎን እኩል ሳል።

የዛገ ቢላ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል?

ዝገቱ አያመጣም። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖረው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው። ቆሻሻ ቢላ ከወጋህ ግን ቁስሉን በውኃና በሳሙና እጠብና ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ክትባት አለው።

ካጸዳሁት በኋላ ምን ልቀባው?

በየቀኑ የምትጠቀሚበት ከሆነ ማድረቅ ብቻ ይበቃል። ለበዓል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ከፋርማሲ የሚጠጣውን የፓራፊን ዘይት ግዢና በጨርቅ ስስ አድርገሽ ቀቢው። የምግብ ዘይት ሲቆይ ይጣበቃል።

ቢላውን አፎቱ ውስጥ ከተሽ አታስቀምጪው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ታውቂዋለሽ። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ አፎቱን ለብቻው አስቀምጪው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን አውጥተሽ እይው፣ ዘይቱም ይታደስ።