«መምህር፣ ቃሉን አነበብኩት፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም»፦ ጥያቄና መልስ

መጽሐፍ ቅዱስን ሲያነቡ ስለሚገጥማቸው ጥርጣሬና ለመቀበል ስለ ተቸገሩበት ቃል ምእመናን ከላኩልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የምጽፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜን እንደ ተማረና በሰንበት ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር አገልጋይ ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዳዊት እየደገምኩ ሳለ «ይህ ሁሉ እውነት ነው?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። መጠራጠር ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብ መምጣቱ ሌላ፣ ሐሳቡን ወድዶ ማስተናገድ ሌላ ነው። ማቴዎስ በወንጌሉ መጨረሻ፣ አሥራ አንዱ ደቀ መዛሙርት ከትንሣኤ በኋላ ጌታን በገሊላ ተራራ ባዩት ጊዜ እንደ ሰገዱለት ከጻፈ በኋላ «የተጠራጠሩ ግን ነበሩ» ይላል፤ ወዲያው ቀጥሎ ግን አሕዛብን ሁሉ ደቀ መዛሙርት እንዲያደርጉ የተላኩት እነዚያው አሥራ አንዱ ናቸው፤ ተጠራጣሪዎቹ ተለይተው እንዲቀሩ አልተደረገም። በዳግም ትንሣኤ የምናስበው ቶማስም ስምንት ቀን ሳያምን ቢቆይም ጌታ ሁለተኛ ሲገለጥ የተገኘው ከወንድሞቹ ጋር በዚያው ቤት ነው። እነርሱ አላስወጡትም፣ እርሱም ተቀይሞ አልሄደም። አንተም የምትደግመው ዳዊት ራሱ በ12ኛው መዝሙር (በአንዳንድ ትርጉሞች ቍጥር 13ኛው) «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል፤ 87ኛው መዝሙር (በእነዚያው 88ኛው) ደግሞ በምሬት ጀምሮ በምሬት ያበቃል እንጂ እንደ ሌሎቹ በምስጋና አይደመደምም። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ አላወጣችውም፣ የሚያጽናና መደምደሚያም አልጨመረችበትም። ስለዚህ ሐሳቡ ሲመጣብህ መድገምህን አታቋርጥ፤ ሐሳቡንም ለራሱ ለእግዚአብሔር ንገረው።

ጥያቄ፦ 2ኛ ነገሥት 24፥8 የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን ሲነግሥ የ18 ዓመት ልጅ ነበረ ይላል፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 36፥9 ደግሞ የ8 ዓመት ልጅ ነበረ ይላል። ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው ብዬ ካመንኩ እምነቴ ፈረሰ ማለት ነው?

መልስ፦ ቁጥሮቹ በእርግጥ ይለያያሉ፤ ይህን ማድበስበስ አይገባም። ሁለቱን ቦታዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ አንብባቸው። የነገሥት ጸሐፊ ዮአኪን በኢየሩሳሌም ሦስት ወር ነገሠ ሲል የዜና መዋዕሉ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ይላል፤ ከዚያም የነገሥት መጽሐፍ በዚሁ ምዕራፍ 15ኛ ቍጥር ላይ የንጉሡ ሚስቶች አብረውት ወደ ባቢሎን እንደ ተማረኩ ይናገራል፤ የስምንት ዓመት ሕፃን ደግሞ ሚስቶች አይኖሩትም። ከጥንታውያኑ የግሪክና የሱርስት (የሶርያ ቋንቋ) ቅጂዎች መካከልም በዜና መዋዕል ላይ አሥራ ስምንት የሚሉ አሉ። ስለዚህ ከገልባጮች አንዱ በዕድሜው ቍጥር ላይ «አሥር» የሚለውን ዘለለው፣ ምናልባትም ያው አሥር ወደ ቀኖቹ ተሻግሮ ገባ የሚለው ግምት ለእኔ ሚዛን ይደፋል። በብራና ላይ በእጅ ሲገለበጥ ለዘመናት የኖረ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ግድፈት ቢገኝበት የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የእኛም ጸሐፍት ሥራቸውን ሲፈጽሙ በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ግድፈታቸው ይቅርታ የሚለምኑት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ለተረጎመው ለጄሮም በላከው ደብዳቤ ላይ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ከእውነት ጋር የሚጣላ የሚመስል ነገር ሲገጥመው ወይ ቅጂው ተሳስቷል፣ ወይ ተርጓሚው ስቷል፣ ወይ እኔ አልተረዳሁም ከማለት በቀር ሌላ እንደማይል ጽፏል። ለሦስተኛው ዕድል ሰፊ ቦታ መስጠት ብልህነት ይመስለኛል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውንም እንደ ነውር አልቆጠረውም። ደግሞም ሁሉን ልዩነት በግድ ለማስታረቅ አንድከም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታቲያን የተባለ ሶርያዊ አራቱን ወንጌላት አገጣጥሞ ዲያቴሳሮን የተባለ አንድ ወጥ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ በሶርያም ብዙ ዘመን ተነቦበታል። በመጨረሻ ግን የሶርያ ቤተ ክርስቲያንም ወደ አራቱ ተመለሰች። ልዩነታቸውን አባቶች ሳያዩት ቀርተው አይደለም፤ እያዩት አራቱንም ጠበቁልን።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። በ1ኛ ሳሙኤል 15 ሳኦል አማሌቃውያንን ከነሕፃናታቸው እንዲያጠፋ ታዟል። ይህን አልስማማበትም፤ ልስማማም አልፈልግም። ክርስቲያን ሆኜ ይህን ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ አባቴ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ የእርስዎ ነው፤ በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚመልስልዎ ሰው ካገኙም አይመኑት። የሕፃናት ሞት ልብዎን ማስጨነቁ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የመጣ ስሜት አይደለም። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማልድ «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ ፊት ለፊት ጠይቋል፤ ሕዝቅኤልም ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። መጽሐፉን የሚሞግቱበትን ሚዛን የሰጠዎ ራሱ መጽሐፉ ነው።

ከዚህ ጭንቀት ማምለጫ የሚመስሉ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም አይበጁም። አንደኛው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ144 ገደማ በሮም ከቤተ ክርስቲያን የተለየው የመርቅያን መንገድ ነው፤ እርሱ የብሉይ ኪዳን አምላክ ሌላ ነው ብሎ ብሉይን በሙሉ ጣለ፤ ሆኖም በዚያ አላቆመም፣ የሉቃስንም ወንጌል እየቆረጠ ያልፈለገውን አወጣ። ሁለተኛው ልብን አደንድኖ «እግዚአብሔር ካለ ምን ቸገረኝ» ማለት ነው፤ ይህ እምነት ይመስላል እንጂ አብርሃም አላደረገውም።

ሊቃውንት የሰጡት መልስ ብዙ ነው። ሕይወትን የሰጠ እርሱ ስለ ሆነ ፍርዱም የእርሱ ብቻ ነው ያሉ አሉ። አርጌንስ (ኦሪጀን) የተባለው የጥንት መጽሐፍ ተርጓሚ የኢያሱን ጦርነቶች ነፍስ ከኃጢአት ጋር ስለምታደርገው ውጊያ ተርጉሟቸዋል። በእኛ ዘመን ያሉ አጥኚዎች ደግሞ «ፈጽሞ አጠፋ» የሚለው አነጋገር የጥንት የጦር ሪፖርት ማጋነን ነው ይላሉ፤ ለዚህም ምስክሩ በምዕራፍ 15 ሕዝቡ ሁሉ ጠፋ የተባለው አማሌቅ በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 27 እና 30 እንደገና በጦርነት ውስጥ መገኘቱ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙን አያነሣውምና ግማሹን ሸክም ብቻ ነው የሚያቀልልዎት። እኔን የሚያቆመኝ ሌላ ቦታ ነው። ያዕቆብና ዮሐንስ ኤልያስን ጠቅሰው በሰማርያ መንደር ላይ እሳት ከሰማይ ይውረድ ባሉ ጊዜ ጌታ ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ክርስቲያን የሳኦልን ትእዛዝ ለራሱ ፈቃድ አድርጎ ሊወስደው አይችልም፤ ባላጋራውን «አማሌቅ» ብሎ የሚሰብክ ሰባኪ ከገጠመዎ እርሱን ለመቃወም ሙሉ መብት አለዎት። «አልገባኝም፣ ልቤም አዝኗል» ብለው ከመጽሐፉ ሳይለዩ መቆየት ይችላሉ፤ ብዙ ደጋግ ሰዎች እንዲሁ ቆይተዋል።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ የአብርሃምና የይስሐቅን ታሪክ ሰምታ «እማዬ፣ አንቺንም እረጃት ቢልሽስ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድመሽ «በፍጹም አይለኝም» በያት። ታሪኩም የሚያበቃው በጉ ተገኝቶ፣ እጅህን በልጁ ላይ አትዘርጋ ተብሎ ነው። በኤርምያስ 7 እግዚአብሔር ልጆችን በእሳት መሠዋትን እርሱ እንዳላዘዘው፣ በልቡም እንዳላሰበው ይናገራል። ስለ አብርሃም እምነት ጥልቅ ትርጓሜ ስታድግ ትማራለች፤ ዛሬ የሚያስፈልጋት ያለ ፍርሃት መተኛት ነው።

ጥያቄ፦ በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት እሠራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የለም። ማታ በስልኬ ላይ አነባለሁ፤ ያልገባኝን ለንስሐ አባቴ ደውዬ ብጠይቃቸው «ይህን ማሰብ ተይና ጹሚ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ፈራሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ አባታችን ለነፍስሽ ሰግተው እንጂ አንቺን ለመናቅ እንዳልተናገሩ እገምታለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ቅዳሴ ተምሮ መቀደስና የመጻሕፍትን ትርጓሜ መማር የተለያየ ትምህርት ነው። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን የሚያስተምሩት ጉባኤያት እያንዳንዳቸው ብዙ ዓመት ይፈጃሉ፤ ደግ የንስሐ አባት ሁሉ በዚያ አላለፈም። ስለዚህ «አባቴ፣ የትርጓሜ መምህር ያገናኙኝ» ብትያቸው ማመፅ አይደለም። በትርጓሜ ጉባኤ አንዱ ተማሪ ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ይተረጉማሉ፤ ከዚያ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍቺ ያስከትላሉ፤ ብዙ ጊዜም የቀደመው ሳይሻር የኋለኛው አጠገቡ ይቀመጣል። በዚህ ወንበር ያደገ ሰው በጥያቄሽ አይደነግጥም። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም እንዳንቺ ከአገሩ ርቆ ብቻውን ነበር የሚያነበው፤ ፊልጶስ ታስተውለዋለህን ሲለው ሳያፍር የሚመራው እንደሌለ ነገረው። እስከዚያው በየቀኑ ጥቂት እያነበብሽ ጥያቄሽን በደብተር ጻፊ፤ አብራሽ በስልክ የምታነብ አንዲት እኅት ብታገኚ ደግሞ እጅግ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ፕሮቴስታንት ሆነ፤ በተገናኘን ቍጥር የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት 66 ናቸው፣ 81 ናቸው እያልን እንጣላለን።

መልስ፦ ከሁለታችሁም መጽሐፍ ውስጥ ባለው በይሁዳ መልእክት ጀምሩ፤ በ14ኛው ቍጥር መጽሐፉ ከ81ዱ እንጂ ከ66ቱ ያልተቈጠረው የሄኖክ ትንቢት ተጠቅሷል፤ ውይይቱም ከዚያ በሰላም ሊቀጥል ይችላል። ከተጣላችሁ ግን በዚያ ቀን ወንጌል አንብቡና ተለያዩ።

ጥያቄ፦ ሊቃውንቱ ራሳቸው ሲከራከሩ እንሰማለን። ይህ ምእመኑን አያናውጥም?

መልስ፦ ያናውጣል፤ አዲስ ግን አይደለም። የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር በማለታቸው ለረጅም ዘመን ተገፍተው ኖረዋል፤ በመጨረሻ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1450 ገደማ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የተገፉት ሰዎች መጽሐፉን ጥለው አልሄዱም፤ ከዚያው ከመጽሐፉ እየጠቀሱ ተከራከሩ እንጂ። ያው ንጉሥ በደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ማለትም በአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት፣ ላይ የፈጸመውን ስደትና ግድያ ስናስብ ደግሞ ክርክር ሁሉ በሰላም እንዳላለቀ እናውቃለን፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም።

ጥያቄ፦ አንብቤም፣ ጠይቄም፣ ጸልዬም አንድን ቃል አሁንም መቀበል ካቃተኝ ልቍረብ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ስለ ሥላሴ፣ ስለ ጌታ ሰው መሆንና ስለ ትንሣኤው ያለህ እምነት ከተናጋ ጉዳዩ ከባድ ነውና ከንስሐ አባትህ ጋር ሳትመክር አትቅረብ። አንድ ምዕራፍ አልዋጥ ብሎህ ከሆነ ግን ራስህን ከጌታ ሥጋና ደም የምታርቅበት ምክንያት አይታየኝም። በማርቆስ 9 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፤ ልጁም የተፈወሰለት አለማመኑ እስኪጠራ ሳይጠበቅ ነው። ለንስሐ አባትህ ስትነግራቸው ምዕራፉንና ቍጥሩን ጠቅሰህ፣ በየትኛው ቃል ላይ እንደ ተያዝክ ለይተህ ንገራቸው፤ «በአጠቃላይ እጠራጠራለሁ» ከተባሉ ማጽናናት ቢችሉም ለመመለስ ይቸገራሉ።