ቁልፍ የሰጠህ ሰው ባለቤቱ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኞቼ ካጠራቀምናት ገንዘብ አንድ አስፈሪ ፊልም እየሠራን ነው። ታሪኩ አዲስ ተጋቢዎች መንፈስ ያለበት አሮጌ ቤት ገዝተው ሲያድሱ የሚደርስባቸው ነገር ነው። ለዚህ የሚሆን የቆየ ጭቃ ቤት ቀበና አካባቢ አገኘን። የባለቤቱ ልጅ «ኪራይ አልፈልግም፣ አድሱልኝና ቅረጹ» አለን። በቃል ተስማምተን ቁልፉን ሰጠን። ለእድሳቱ እስካሁን 340 ሺህ ብር አውጥተናል። ቤቱን እንዳለ ከነዕቃው ነው የተጠቀምነው። ግማሹን እንደቀረጽን እህቱ ከአሜሪካ መጥታ በሩን ቆለፈችብን። «ሳሎኑን አፈረሳችሁት፣ የቤታችንን ስም አጠፋችሁ፣ ካሳ ትከፍላላችሁ» ትላለች። ሰው ሁሉ ፊልሙን እየጠበቀ ነው። በፍርድ ቤት አስገድደን መጨረስ እንችላለን? ካልሆነስ ገንዘባችን ይመለሳል? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ለጠየቅከው አጭሩ መልስ ይኸው። አሁን ባለህበት ሁኔታ አስገድዶ መጨረስ የሚሆን አይመስለኝም። ከገንዘቡ ግን የተወሰነው ሊመለስ ይችላል። ሰነድ ሳላይ ከዚህ በላይ አልልም።

በቃል የተደረገ ውል ሁሉ ዋጋ የለውም የሚባለው ስህተት ነው። ሕጉ ልዩ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። ከልጁ ጋር የተጻጻፋችሁት የቴሌግራም መልእክት፣ የቀለምና የቆርቆሮ ደረሰኝ፣ የባንክ ዝውውር፣ ቁልፍ ሲሰጣችሁ የነበረ ሰው፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። ዛሬውኑ ሰብስብ። ስልክ ይጠፋል፣ መልእክትም ይሰረዛል።

አሁን ወዳልነገርከኝ ነገር ልግባ። «የባለቤቱ ልጅ» ብለሃል። ባለቤቱስ የት ነው ያለው? እህት ከአሜሪካ መጥታ በር የምትቆልፈው መብት እንዳላት ብታምን ነው። ስለዚህ እንዲህ ገመትኩ። አባት ሞተዋል፣ ካርታው አሁንም በእሳቸው ስም ነው፣ ውርሱም አልተከፋፈለም። እናትየውን ደግሞ አንዴም አላነሳሃቸውም። በሕይወት ካሉና ቤቱ በትዳር ጊዜ የተገዛ ወይም የተሠራ ከሆነ ግማሹ የእሳቸው ነው። ልጆቹ የሚወርሱት የአባታቸውን ግማሽ ብቻ ነው።

ቢሮዬ የሚመጣ ሰው አሥር ጊዜ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ቁልፍ የያዘውን ሰው ባለቤት አድርጎ መውሰድ። ቤት የሚከራይ፣ ሱቅ የሚከፍት፣ ጋራዥ የሚያቋቁም ሁሉ እዚሁ ነው የሚሰናከለው። ግቢው ውስጥ የሚኖረው ልጅ ደግ ነው፣ ቡና ያፈላል፣ «የአባቴ ቤት ነው» ይላል። ዋሽቶም አይደለም። የአባቱ ቤት ነው። ግን የእህቱም አባት ቤት ነው።

ያልተከፋፈለ ውርስ የሁሉም ወራሾች የጋራ ሀብት ነው። አንዱ ብቻውን ተነስቶ የጋራ ቤት ግድግዳ እንዲፈርስ መፍቀድ አይችልም። የሚፈቅደው የራሱ ድርሻ ነው እንዳትለኝ። ሳሎኑ የእሱ፣ መኝታ ቤቱ የእሷ ተብሎ አልተለየም። እያንዳንዱ ማገር የሁሉም ነው።

«ልጁ እኮ የእህቱ ውክልና አለው» ትለኝ ይሆናል። ውክልናውን አንብበኸዋል? ብዙ ሰው ማኅተሙን አይቶ ወረቀቱን አጥፎ ይመልሳል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ምን ምን እንደሆነ ይዘረዝራል። ንብረቱን መጠበቅና መጠገን፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና የመሳሰለው ነው። የሚያፈስ ጣሪያ መጠገን እዚህ ውስጥ ይገባል። በሳሎንና በመኝታ ቤት መካከል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ ግን ጥገና አይባልም። ውክልናው ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ ደግሞ በኤምባሲ በኩል አልፎ እዚህ መረጋገጡን አጣራ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣህ። 340 ሺህ ብር ስታወጣ፣ የካርታ ኮፒና የወራሽነት ማስረጃ አሳየኝ ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ይሉኝታ ይዞህ እንደሆነ ይገባኛል። ልጁ በነፃ ሲሰጥህ ወረቀት መጠየቅ አለማመን መሰለህ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በቁጥር 2162 መሠረት ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሥራ ወይም ንብረት የበለጸገ ሰው በበለጸገበት መጠን ይክሳል። ቁም ነገሩ «በበለጸገበት መጠን» የሚለው ነው። ያወጣኸው ሁሉ አይደለም። አዲሱ ቆርቆሮና የታደሰው የኤሌክትሪክ መስመር ለቤቱ ጠቅሟል። ለፊልሙ ብላችሁ ጥቀርሻ የቀባችሁት ኮርኒስና ሆን ብላችሁ የፈቀፈቃችሁት ልስን ግን ማንንም አላበለጸገም። ደረሰኙን ለሁለት ክፈለው፤ ቤቱን ያሻሻለ አንድ በኩል፣ ለቀረጻ የተበላሸ ሌላ በኩል። ሥልጣን ሳይኖረው የፈቀደላችሁ ወንድምም በኪሳራችሁ ሊጠየቅ ይችላል። እሱን በደንብ የሚያይልህ ጠበቃ ያዝ።

እህቲቱ ያለችው «ስም ማጥፋት» ባዶ ቁጣ ነው ብለህ አትለፈው። የእኛ ሕግ መንፈስ አያውቅም፣ ወሬ ግን የቤት ዋጋ ይጥላል። በ1991 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግዛት፣ ናያክ በምትባል ከተማ ያለ አንድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ሻጯ ራሷ ቤቷ ውስጥ መናፍስት እንዳሉ ለመጽሔትና ለጋዜጣ ስታወራ ኖራ፣ ለገዢው ሳትነግር ሸጠችለት። ዳኞቹ 3 ለ 2 ተከፍለው ገዢው ውሉን እንዲያፈርስ ፈቀዱለት። መንፈስ ስለመኖሩ ምስክር አላስፈለገም፤ ወሬው መነዛቱ በቃ። ያ ፍርድ እዚህ አይገዛንም። ግን ይቺ ልጅ ቤቱን ለመሸጥ መጥታ ከሆነ የምትፈራው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ «ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው» ያልከው። ከምን አውቆ ነው የሚጠብቀው? ትሬለር ለቃችኋል ማለት ነው። የግቢው በርና የቤት ቁጥሩ ይታያል? ከታየ ዛሬ አውርደው። ነገ አይደለም። እሷ የእግድ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ብታመጣ ከዚያ በኋላ የምታደርገው ሁሉ ይከብድብሃል።

«ከነዕቃው» የሚለው ቃልህ ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። በዚያ ዕድሜ ባለ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ በመስታወት የታሰረ የአባወራ ፎቶ አይጠፋም። ካሜራችሁ እሱን አንስቷል? መብራቱ ሲጠፋ ሲበራ ዓይኑ የሚከተላቸው ሽማግሌ አድርጋችሁት ከሆነ፣ የአንድን ቤተሰብ አባት ሙት መንፈስ አድርጋችኋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ሰውየው ሲሞት መብቱ አይሞትም፣ ለቤተሰቡ ያልፋል። እህቲቱን ያስቆጣት ግድግዳው ብቻ አይመስለኝም።

የቀረውን በአጭሩ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደስ ራሱ ያስጠይቃል። ወረዳው ግድግዳ ለማፍረስ ፈቃድ አውጥታችሁ እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል። ቤቱ የቀበሌ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የጻፍኩት አብዛኛው ይለወጣል፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው፣ ተከራይ አሳልፎ የሚሰጠው ነገር የለም። «ፊልሙ ሲሸጥ እንካፈላለን» ብለህ በነፃ ያሠራሃቸው ጓደኞች ካሉም፣ የቅጂ መብታቸውን በጽሑፍ ካላስተላለፉልህ ሌላ ክርክር ይጠብቅሃል። ለፖሊስ አመልክታ ከተጠራህ ሂድ፣ ግን ጠበቃ ሳታማክር ቃል አትስጥ።

እንደኔ መንገዱ ሽምግልና ነው። ክስ እስኪያልቅ ተዋናዮችህ ጸጉራቸውን ይቆረጣሉ። የቤቱን እድሳት እርምጃ በእርምጃ የምትቀርጽ ስለሆነ ወደ ሌላ ቤት መዛወርም አትችልም። እናንተ ግድግዳውን በራሳችሁ ወጪ መልሳችሁ ልትሠሩ፣ የበሩን ምስል ልትቆርጡ ትችላላችሁ፤ እነሱም 10 የቀረጻ ቀን ሊፈቅዱላችሁ ይችላሉ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። እናትየውም ወራሾቹም ሁሉ ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክርም ይኑር። ከመፈረምህ በፊት ካርታውን፣ የወራሽነት ውሳኔውንና ውክልናውን ይዘህ አንድ ጠበቃ ጋ ሂድ።

ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ግን ፎቶው ያለበትን ትዕይንት ከፊልሙ አውጣ። ፎቶውን ከቦታው አንስታችሁት ከሆነም አቧራውን ጠርገህ ለእናትየው በእጃቸው መልስላቸው። ስለ ገንዘብ የዚያን ቀን አታንሳ።