ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ «መታወቂያ የለኝም፣ ልጄን የት ላሳክም?»

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሕክምና ወጪ ናቸው። ሳነባቸው አንድ ነገር አናደደኝ። ሰው በነፃ ለሚሰጠው ነገር እየከፈለ ነው፤ ካልሆነም «ያስከፍሉኛል» ብሎ ሕመሙን እቤቱ ይዞ ይከርማል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጠሁት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ከገጠር መጥተን ባሕር ዳር ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። እሱ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል፣ እኔ ጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ እሸጣለሁ። ሁለት ልጆች አሉን። ትንሹ ባመመው ቁጥር የግል ክሊኒክ እወስደውና ያጠራቀምኳት ብር እዚያው ትቀራለች። ጎረቤቶቼ የጤና መድን አላቸው። እኔም ልመዝገብ ብዬ ቀበሌ ስሄድ መታወቂያ አምጪ አሉኝ። የለኝም። ምን ላድርግ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ማድረግ የምትችይውን ልንገርሽ። ልጅሽ ሲያተኩሰው ከክሊኒኩ በፊት ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እዚያ ካርድ ለማውጣት የመድን አባል መሆን አይጠበቅብሽም፣ ክፍያውም ከግል ክሊኒክ ጋር አይወዳደርም። ክትባት በነፃ ነው። የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው። የወባ ምርመራና መድኃኒትም እንዲሁ። የጣና ዳር አገር ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታበታል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ያተኮሰው ልጅ ካለ መጀመሪያ ጣቱ ተወግቶ ደሙ ይታይለት። ለዚህ ያጠራቀምሽውን የምታወጪበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ መድኑ እንምጣ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተቋቋመው ልክ እንደ እናንተ የወር ደመወዝ ለሌላቸው ሰዎች ነው። በ2003 ዓ.ም በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዷ እዚሁ ጣና ዳር ያለችው ፎገራ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ውል ባለው የመንግሥት ጤና ተቋም ሲታከም ከኪሱ አያወጣም። ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ አባልነት ይገባሉ። እናትሽ ወይም ያደገ ወንድምሽ አብሯችሁ ካለ ለእነሱ ተጨማሪ ይከፈላል። እኛ እኮ የሞተን ለመቅበር በየወሩ የእድር የምንከፍል ሰዎች ነን፤ የታመመን ለማሳከም በዓመት አንዴ ማዋጣት ሊከብደን አይገባም።

መታወቂያው ግን እውነትም ያስፈልጋል፤ ምዝገባው የሚካሄደው በቀበሌ ነውና። መፍትሔው መሸኛ ነው፤ ማለትም ከቀድሞ ቀበሌያችሁ ለቃችሁ መምጣታችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ። እሱን ይዘሽ እዚህ መታወቂያ ትጠይቂያለሽ። ባለቤትሽ ለአዝመራ ወይም ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ ከቀበሌያችሁ መሸኛ ይዞ ይመለስ፣ ያንቺም የልጆቹም ስም መጻፉን እዚያው ቆሞ ያረጋግጥ። ከአከራይሽ ደግሞ የኪራይ ውል ጠይቂ። እዚህ ላይ ብዙዎች እንደሚቸገሩ አውቃለሁ፤ አንዳንድ አከራይ «ግብር ያመጣብኛል» ብሎ ወረቀት አይሰጥም። አከራዮች ይህን የምታነቡ ከሆነ እለምናችኋለሁ፣ በየወሩ ኪራይ የምትቀበሉት ቤተሰብ ልጁን እንዳያሳክም እንቅፋት አትሁኑበት።

ሁለት ነገር ልጨምር። አገር ቤት ሳላችሁ የመድን አባል ከነበራችሁ፣ ያ የአባልነት ደብተር የሚያገለግለው የዚያ ወረዳ መድን ውል በገባባቸው ተቋማት ነው፤ እዚህ ያክመኛል ብለሽ እንዳትተማመኚ። ሌላው፣ መዋጮውም ራሱ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ «መክፈል የማይችሉ» በሚለው ዝርዝር እንዲያስገቧችሁ ጠይቂ። የእነዚህን ሰዎች መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል፣ የሚመለመሉትም በቀበሌ ነው። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ምዝገባና እድሳት በአብዛኛው ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት ስለሆነ ወረቀትሽን ከዚያ በፊት ጨርሺ፤ የዘንድሮውን መዋጮና የመጨረሻውን ቀን ቀበሌው ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ የመድን አባል ነኝ፣ በየዓመቱ ሳላቋርጥ አድሳለሁ። ወገቤን አሞኝ በቀጥታ ባሕር ዳር ካለ ትልቅ ሆስፒታል ብሄድ «ይክፈሉ» አሉኝ። ታዲያ መድኑ ምን ፋይዳ አለው? ዕድሜዬ 61 ነው። (ከወረታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ከወረታ ተነሥቶ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ጠዋት ወረፋ ይዞ «ይክፈሉ» መባል ያማል። ነገር ግን መድኑ የሚሸፍነው በቅደም ተከተል ሲሄዱ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ እነሱ ከአቅማችን በላይ ነው ሲሉ ሪፈር ጽፈው ወደሚቀጥለው ሆስፒታል። እንደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ያሉት የባሕር ዳር ሆስፒታሎች በሰንሰለቱ ላይኛው ጫፍ ያሉ ናቸው። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ከሄዱ ክፍያው የራስዎ ይሆናል። ይህ ሲመዘገቡ በደንብ ሊነገርዎ ይገባ ነበር፤ ብዙ ቦታ እንደማይነገር ከደብዳቤዎቻችሁ ዓይቻለሁ፣ የቀበሌ ሠራተኞችም ሊያስቡበት ይገባል።

ድንገተኛ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደም እየፈሰሰው ወይም ራሱን ስቶ ያለ ሰው ሪፈር ለማጻፍ ጤና ጣቢያ መዞር የለበትም፤ ወደሚቀርበው ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

ሪፈሩን ሲቀበሉ ቆም ብለው ይዩት። ስምዎ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል ወይ? ማህተም አለው ወይ? ቀኑስ ተጽፏል? «ወ/ማርያም» እና «ወልደማርያም» ብሎ የተለያየ ስም ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያመላልስ ይውላል። ፎቶ ኮፒ አድርገው አንዱን ያስቀምጡ። መድኃኒቱ ግቢው ውስጥ ከሌለ ደግሞ ዝም ብለው ወጥተው አይግዙ፤ ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው ማህተም እንዲያደርጉበት ይጠይቁ፣ ከውጭ የገዙበትንም ደረሰኝ ይያዙና የወረዳዎን መድን ክፍል ያነጋግሩ። ደረሰኝ ከሌለ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርዎትም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ከተመለሰ ጀምሮ ያተኩሰዋል። የወባ መድኃኒት ደጋግሞ ወሰደ፣ አልተሻለውም። ሰውነቱ አልቋል፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል አብጧል። አሁን ጠበል እናስገባው እያልን ነው። ገንዘብ የለንም። (ከሊቦ ከምከም)

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ደንግጫለሁ። ጠበሉን አልከለክልም፣ ግን እባክህ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ውሰደው። ምልክቱ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ይመስላል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ መክሳት፣ በዚያ ላይ ከመተማ ወይም ከሁመራ መመለስ፣ ሐኪም ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው እሱን ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ነፍሳት ናት፤ ሌሊት ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞችን ትነድፋለች። ካልታከመ ይገድላል። ከታከመ ግን ይድናል።

የእናንተ አገር ይህን በሽታ ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ሲከሰት፣ ሰዉ ልክ እንደ ወንድምህ የማይድን ወባ ነው እየተባለ የወባ መድኃኒት ሲወስድ ነበር። ወረርሽኙም ከቆላ ከሚመለሱ የጉልበት ሠራተኞች ጋር እንደተያያዘ ይታመናል። ያኔ ብዙ ሰው ሞቷል። ወንድምህ ላይ ይህ እንዲደገም አልፈልግም።

በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምናው ይሰጣል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የካላዛር ማዕከል አለው። ከጣት በሚወሰድ ደም ፈጣን ምርመራ አለ። የካላዛር መድኃኒቱ በመንግሥት ማዕከላት በነፃ ነው የሚሰጠው፤ የተለመደው መርፌ 17 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ገንዘብ አዘጋጁ ከተባለ ለምግብና ለአስታማሚ አዘጋጁ። ስትደርሱ «ከመተማ ነው የመጣው» በሉ፣ ሳይጠየቁ በሉ። የኤችአይቪ ምርመራም ሲታዘዝለት እንዳይከፋው፤ ሁለቱ አብረው ካሉ የሚሰጠው መድኃኒት ይለያል።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። መውለጃ ስንት ይፈጃል? (ከዘጌ)

መልስ፦ በጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ መውለድና ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል በነፃ ነው። አሁኑኑ ክትትል ጀምሪ፣ አምስት ወር ሆኗል። የአምቡላንስ ስልክ ክትትል ላይ ሳለሽ ተቀበያቸውና ለቅርብ ሰው ስጪ። አሠሪዎችሽ ለክትትል ፈቃድ አልሰጥም ካሉሽ የሰፈርሽን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሪያት፤ እቤት ድረስ መጥታ እንድታነጋግራቸው ጠይቂያት።

ጥያቄ፦ እኛ ግቢ ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ የመጣች እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ተከራይታለች። ልጆቹ ያስላቸዋል። የውጭ ዜጋ ጤና ጣቢያ ይታከማል? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ እንዲህ ለጎረቤት የሚያስብ ሰው ይብዛልን። አዎ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ መብት ይሰጣል። እንደ ስደተኛ ያልተመዘገበች ከሆነ ወደ ስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ምራት፤ የተመዘገበችበት ወረቀት ካላት ይዛው ትሂድ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ምዝገባውን አትጠብቁ፣ የቲቢ ምርመራ ያድርጉ። የሚቻል ከሆነ አብረሃት ሂድ፤ አማርኛ ካልቻለች ካርድ ክፍል ላይ ብቻዋን ስትንከራተት ትውላለች። የልጆቹ የክትባት ካርድ አገሯ ቀርቶ ከሆነ አትጨነቅ፣ ጤና ጣቢያው አዲስ አውጥቶላቸው የቀረውን ይከትባቸዋል።